ሽንፈትን እየለመድነው ነው፣ ወንድምዓለም

ደብረ ማርቆስ፣ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ወንድምዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናቴ ዛሬም ስምህን ታነሳለች፤ «ያ ልጅ እንዴት ሆነ?» ትለኛለች። ልጆቹ አድገዋል። ክረምቱ ደህና ዘንቧል፤ ከገጠር የሚመጡት ሰዎች ጤፉ ቆንጆ ነው ይላሉ።

ዝምታችን ረዘመ። ምክንያቱን አንተም ታውቀዋለህ። መንገዱ ይዘጋል፣ ኔትወርኩ ይጠፋል። ሲመለስም የሚሰማው ወሬ ስለሞተና ስለተፈናቀለ ሰው ይሆናል። በዚያ መሀል ስለ ኳስ ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ አለኝ። በደህና ቀን እናወራለን እያልሁ ቀኑ ሄደ። አሁን ግን ሆዴ ውስጥ የሚብላላ ነገር አለ። ከአንተ በቀር በደንብ የሚገባው ሰው የለም። ስለ ማንቼ፣ ስለ ማንቸስተር ዩናይትዳችን ነው።

የብሬንትፎርዱን ጨዋታ አየኸው? የዋለው በመስቀል ዕለት ነው፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል። የደመራውን አመድ ግንባራችን ላይ ተቀብተን፣ ቤት ያፈራውን ቀምሰን ወደ ዲኤስቲቪ ቤት ሄድን። ከሳምንት በፊት ቼልሲን 2 ለ 1 ስላሸነፍን የሁሉም ፊት በርቶ ነበር። ገና 8ኛው ደቂቃ ላይ የብሬንትፎርዱ ሄንደርሰን ከኋላ ረጅም ኳስ ላከ። የእኛው ማጓየር ኦፍሳይድ አስገባዋለሁ ብሎ ወደ ፊት ወጣ። ኢጎር ቲያጎ ብቻውን ሄዶ አገባ። 20ኛው ደቂቃ ላይ በረኛችን ባይንድር የመለሳት ኳስ እዚያው ቲያጎ እግር ላይ ወደቀች፤ 2 ለ 0። ሼሽኮ ለማንቼ የመጀመሪያ ጎሉን ሲያገባ ቤቱ በአንድ እግሩ ቆመ። ከዕረፍት በኋላ ሪጎሬ አገኘን። ብሩኖ መታ፣ ኬለኸር አዳነበት። በጭማሪው ሰዓት ሦስተኛው ተጨመረብን።

እንዲያም ሆኖ ያስደነገጠኝ ከጨዋታው በኋላ ያየሁት ነው። ሰው ወንበሩን አስጠግቶ ወጣ። የተከራከረ የለም። የተሳደበም የለም። አጠገቤ የነበረው ልጅ «ያው ነው» አለና ስልኩን መነካካት ጀመረ። ድሮ አቻ ስንወጣ እንኳ በሩ ላይ ቆመን እስኪመሽ እንጨቃጨቅ አልነበር? አንተ ሁለት ቀን ምግብ አልበላም የምትል ሰው ነበርህ። ሽንፈት ያመን ነበር። አሁን ሕመሙ እየጠፋ ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝ ይኼ ነው። ቡድን ይወድቃል፣ ይነሳል። ደጋፊው ሽንፈትን እንደ ተፈጥሮ ከተቀበለው ግን ማን ያነሳዋል?

የሞስኮውን ሌሊት፣ ቼልሲን በሪጎሬ አሸንፈን ቻምፒየንስ ሊግን የወሰድንበትን አስታውሰው። ግንቦት 13 ቀን 2000 ዓ.ም. ነበር። ሞስኮ ላይ ይዘንባል፤ እኛ ደግሞ ከጮቄ በሚወርደው ብርድ ጋቢ ለሁለት ተከናንበናል። ሮናልዶ ሪጎሬ ሲስት አንተ ፊትህን ሸፍነህ ወደ ግድግዳ ዞርህ። ቴሪ ተንሸራቶ ሲስት ዞር በል ብዬ ጎተትሁህ። ቫን ደር ሳር የአኔልካን ሲያድን ባለቤቱ ወንበሬን ሰበራችሁ ብሎ ቢጮህም የሰማው የለም። አሁን ደግሞ ተመልከት። አምና በዚያው ግንቦት 13 ቢልባኦ ላይ በዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ በቶተንሃም 1 ለ 0 ተሸነፍን። ቀኑ አንድ፣ ልዩነቱ 17 ዓመት። በሊጉም 42 ነጥብ ይዘን 15ኛ ሆነን ጨረስን። በፕሪሚየር ሊግ ታሪካችን እንዲህ ወርደን አናውቅም። ዘንድሮ የአውሮፓ ውድድር የሚባል ነገር የለንም።

ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ ተስፋችን ዝውውሩ ላይ ነበር። ገንዘቡ አልጠፋም። ለኩኛ፣ ለምቤውሞና ለሼሽኮ ወደ 200 ሚሊዮን ፓውንድ ወጣ። ሦስቱም ደህና ልጆች ናቸው፤ በተለይ ምቤውሞ ሮጦ የማይደክም ነው። ግን ሦስቱም አጥቂ ናቸው። አማካይ ላይ አንድ ሰው አልመጣም። የብራይተኑን ባሌባን ጠይቀው ዋጋው ሲወደድባቸው ተዉት። እኔ የዘንድሮ ችግር ሁሉ ከዚህ ይመነጫል ባይ ነኝ።

ለምን እንደሆነ ልንገርህ። አሰልጣኛችን አሞሪም ከኋላ ሦስት ተከላካይ ያሰልፋል። በመስመር ሁለት ተመላላሾች፣ መሀል ላይ ሁለት ሰው ብቻ። እነዚያ ሁለቱ ብሩኖና ካሴሚሮ ናቸው። ካሴሚሮ ጭንቅላቱ ዛሬም ይሠራል፣ እግሩ ግን 33 ዓመት ሞልቶታል። ብሩኖ ደግሞ ጎል አጠገብ ሲሆን ነው ብሩኖ። ወደ ኋላ ስታወርደው ማለፍ የሌለበት ሰው ያልፈዋል። ተጋጣሚው ሦስት አማካይ ይዞ ሲመጣ መሀሉ ይከፈታል። ማንቸስተር ሲቲ መስከረም 4 ቀን በዚያው በር ገብቶ ነው 3 ለ 0 የሄደው። ፎደን አንድ፣ ሃላንድ ሁለት። አዲሱ ዓመት በገባ በአራተኛው ቀን!

ከዚያ ጨዋታ በኋላ አሞሪም አጨዋወቴን አልቀይርም፣ መቀየር ካስፈለገ ሰውዬውን ቀይሩት የሚል መልስ ሰጠ። ድፍረቱን አከብራለሁ። ግን በ33 የሊግ ጨዋታ 34 ነጥብ የያዘ አሰልጣኝ ትንሽ ቢሰማ ምን ይጎድልበታል? ከመጣ ጀምሮ በሊጉ ሁለት ጨዋታ አከታትሎ አላሸነፈም። ማይኖ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። የራሳችን ልጅ፣ ከአካዳሚ የወጣ፣ ኳስ እግሩ ስር ሲገባ የማይደናገጥ። ነሐሴ ላይ በውሰት ልሂድ ብሎ ጠይቆ ነበር፤ ከለከሉት፤ ከከለከሉት በኋላም አያሰልፉትም። ሦስተኛ አማካይ አድርጎ ቢያስገባው ብሩኖም ወደ ቦታው ይመለስ ነበር። በረኛውንም እንዲሁ። ላመንስን ከአንትወርፕ ካስመጡት ያጫውቱት እንጂ።

የግሪምስቢውን ነገር ባላነሳው ደስ ይለኝ ነበር። ነሐሴ 21 ማታ፣ አራተኛ ዲቪዚዮን ያለ ቡድን! 2 ለ 0 ተመርተን በምቤውሞና በማጓየር አቻ ሆንን። ከዚያ ሪጎሬው አላልቅ አለ። 12 ለ 11 ተሸንፈን ከሊግ ካፑ ወጣን። ውጤቱን በስልክ እየተከታተልሁ ነበር፤ ኔትወርኩ እየሄደ ይመጣል። ሲመለስ ሁሉም አልቆ አገኘሁት። በማግስቱ ሥራ ቦታ የአርሴ፣ የአርሰናል ደጋፊዎች ምንም አላሉኝም። ሳይቀልዱብኝ አዝነው አለፉኝ። ያ ከቀልዱ ይበልጥ አመመኝ።

እና ይባረር ወይ? ከተማው ለሁለት ተከፍሏል። አንተ ምን እንደምትል ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ከመስማቴ በፊት የራሴን ልንገርህ። እኔ አሁን ይባረር አልልም። ፈርጉሰን በ2005 ከለቀቀ ወዲህ ሞየስን፣ ቫን ሃልን፣ ሞሪኒዮን፣ ሶልሻየርን፣ ቴን ሃግን አይተናል። በየመሀሉም ጊዜያዊዎቹ ነበሩ። አንዱ ጤፍ ይዘራና ሳያርመው ይነሳል። የሚቀጥለው መጥቶ ገልብጦ ዳጉሳ ይዘራበታል። ሌላው ደግሞ ሁለቱንም አልወደድሁም ብሎ እንደገና ያርሰዋል። እንዲህ የሚታረስ መሬት ምን ያበቅላል? ለአንዱ አሰልጣኝ የተገዛ ተጫዋች ለሌላው አይሆነውም። ራሽፎርድ ባርሴሎና ነው፣ ጋርናቾ ቼልሲ፣ ሳንቾ አስቶን ቪላ፣ ሆይሉንድ ናፖሊ፣ አንቶኒ ቤቲስ። አሞሪምን ነገ ብታባርረው እነዚህ ሦስት አዳዲስ አጥቂዎችም ከነገ ወዲያ የማይፈለጉ ይሆናሉ።

ፈርጉሰን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1986 መጥቶ የመጀመሪያውን ሊግ የወሰደው በ1993 ነው። በ1990 መጀመሪያ ላይ ይባረር የሚለው ብዙ ነበር። ይኼን ስል ግን አንዳንዱ እንደሚያደርገው አሞሪምን ፈርጉሰን ላደርገው አይደለም። ፈርጉሰን ይማር ነበር፤ የማይሆነውን ይተው ነበር። ለአሞሪም እስከ ገና ጊዜ ይሰጠው እላለሁ። እስከዚያ መሀሉን ካላስተካከለ እኔም አብሬ ሂድ እለዋለሁ።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ኳስ የምናይበት ቤት እንደ ድሮው አይደለም። ወጣቱ የሚመጣው ቤቲንግ ቆርጦ ነው። ማንቼ ጎል ሲያገባ የሚያለቅስ ማንቼ አይቻለሁ፤ በብሬንትፎርድ አስይዞ ነዋ። ሥራ የለም፣ ገንዘብ የለም፣ ልጁ በአንድ ቅዳሜ ሕይወቴ ይቀየራል ብሎ ያምናል። አልፈርድበትም። ግን የቤት ኪራይ ያስበላ ልጅ አውቃለሁ። እኛ ኳስ የወደድነው የምናተርፍበት ነገር ስለሆነ አልነበረም። አብረን የምንጮህበት ቦታ ስለነበር ነው። በተለይ እንዲህ ባለ ጊዜ፣ ሰው ከሰው ጋር በሙሉ ድምፅ የሚያወራበት ነገር ባነሰበት ጊዜ፣ ያ ቤት ለዚህች ከተማ ብዙ ነገር ነው። እውነቴን ነው።

ትልቁ ልጄ ባለፈው የሃላንድ ማልያ ግዛልኝ አለኝ። የሲቲን! አልተቆጣሁትም። ዕድሜው 10 ነው፤ ማንቼ ዋንጫ በዋንጫ ላይ ሲደርብ አላየም። ያየው እኔ ራሴን ይዤ ስቀመጥ ነው። ሰፈሩ ውስጥ የእሱ እኩዮች ወይ አርሴ ወይ ሲቲ ወይ ሊቨርፑል ናቸው። የእኛ ቡድን እዚህ አገር የገነባውን ፍቅር ማንም አልሰጠውም፣ በኳስ ነው ያመጣው። በኳስ ደግሞ እያጣው ነው። ሊቨርፑልም አምና ዋንጫውን ወስዶ በ20 ሊግ እኩል ሆነን።

አንተ ድሮ «ለእንግሊዝ ቡድን የምናለቅሰውን ያህል ለአገራችን ብናለቅስ» ትል ነበር። ትክክል ነህ። የጣና ሞገዶቹን፣ ባሕር ዳር ከነማን አልረሳሁም። በ2010 ወደ ፕሪሚየር ሊግ ሲያድጉ ባሕር ዳር አብረን የጨፈርነውን እንዴት እረሳለሁ? በ2015 ሁለተኛ ሆነው ጨረሱ፤ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫም የታንዛኒያውን አዛምን በሪጎሬ ጣሉት። ግን ጨዋታው በተመረጡ ከተሞች እየዞረ ስለሚደረግ ደጋፊው ቡድኑን በዓይኑ የሚያይበት ቀን አነሰ። ከቡድንህ ጋር በአካል መራራቅ ክፉ ነገር ነው። የእነሱንም ነገር ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልሃለሁ፤ ስለእነሱም ብዙ የምለው አለኝ።

ቅዳሜ መስከረም 24 ከሰንደርላንድ ጋር ነን፣ በሜዳችን፣ ከቀኑ 11 ሰዓት። ገና አሁን ያደገ ቡድን ነው ብለህ አትናቀው፤ ጥሩ ጀምረዋል። ከዚያ ጥቅምት 9 አንፊልድ ሄደን ሊቨርፑልን እንገጥማለን። አንተ አዲስ አበባ የት ሆነህ እንደምታይ ጻፍልኝ። ከማን ጋር ታያለህ? አሁንም ሪጎሬ ሲመታ ፊትህን ታዞራለህ? አሞሪምን በተመለከተ ደግሞ ሳትሸፋፍን ሐሳብህን ንገረኝ፤ ካልተስማማን እንከራከር። የምከራከረው ሰው አጥቻለሁ።

የዓባይ መንገድ ሰላም ከሆነና መኪናው ከሠራ ለጥቅምቱ ጨዋታ ብቅ በል። መኝታ አለ፣ እናቴም ጠላ ጠምቃለሁ ብላለች። መምጣት ካልቻልህ ቅዳሜ ከጨዋታው በኋላ ደውል፤ ኔትወርክ ከሌለ ደጋግመህ ሞክር። ከመርካቶም ለልጁ አንድ የማንቼ ማልያ በመልካም ዋጋ ካገኘህ በሚመጣ ሰው ላክልኝ፤ 30 ቁጥር፣ የሼሽኮ ይሁን። ሒሳቡን እልክልሃለሁ።

ለባለቤትህና ለልጆችህ ሰላምታዬ ይድረስ።

ናፋቂ ወንድምህ፣
ከማርቆስ