ጥግ ላይ ያለችው ብጣሽ ወረቀት

የኔ እናት፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጉልበቴም ከአንቺ ዘንድ ከተመለስኩ ወዲህ ተሽሎታል።

ባለፈው በስልክ ያልሽኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። በአንድ ሌሊት ተረኝነትሽ ሁለት አረጋውያን እጅሽ ላይ አረፉ። «እማዬ፣ እግዚአብሔር ያኔ የት ነበር?» አልሽኝ። እኔም እንደ ልማዴ «ተይ እንጂ፣ እንዲህ አይባልም» ብዬ አፍሽን አስያዝኩሽ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ያንኑ ጥያቄ ኮልማር ላይ ተጽፎ እንዳየሁት ትዝ ያለኝ።

ያን ቀን ታስታውሻለሽ? ከጀርመን፣ ከፍራይቡርግ ተነስተን፣ የራይንን ወንዝ ተሻግረን ፈረንሳይ፣ ኮልማር ስንገባ ሙቀቱ ለጉድ ነበር። ኡንተርሊንደን ሙዚየም ገባን። አንቺ ያንን ትልቅ የስቅለት ሥዕል አየት አድርገሽ «ይሄማ ያስፈራል» አልሽና ቡና ፍለጋ ወጣሽ። እኔ ቀረሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም መጀመሪያ ፊቴን አዙሬ ነበር። ሥዕለ ስቅለት ሲባል እኔ የለመድኩት አንገቱን ዘንበል ያደረገ፣ ፊቱ የረጋ ጌታን ነው። ኵርዓተ ርእሱ የሚባለው ሥዕል እንኳ የእሾህ አክሊል ደፍቶ ረጋ ያለ ነው። የዚህኛው ግን ጣቶቹ እንደ ደረቀ ጭራሮ ተንጨፍርረዋል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ቆዳው አረንጓዴ ቢጤ ሆኖ መላ ገላውን ቁስል ወርሶታል። ደግሞ ትልቅነቱ! ቁመቱ 2 ሜትር ከ69፣ ወርዱ ከ3 ሜትር በላይ ነው። መሸሻ የለውም።

ስንት ዓመት ቀዶ ሕክምና ክፍል ቁስል ሳጥብ እንደኖርኩ ታውቂያለሽ። እንደኔ ያለ ሰው ቁስል ሲያይ ከማልቀሱ በፊት «የምን ቁስል ነው?» ይላል። ይሄ የጅራፍ ብቻ አልመስል አለኝ። አገር ቤት ከገባሁ ጀምሮ ስለዚያ ሥዕል ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። ጡረታ ሌላ ምን ሥራ አለው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀርመናዊው ሠዓሊ ማቲያስ ግሩኔቫልድ እ.ኤ.አ. ከ1512 እስከ 1516 ባለው ጊዜ ይህን የሣለው ለሙዚየም አልነበረም። ኢዘንሃይም በምትባል መንደር በአባ እንጦንስ ስም የተጠራ ገዳም ነበር። መነኮሳቱ «የቅዱስ እንጦንስ እሳት» የያዘውን ሰው ያስታምማሉ። በሽታው ራይ በሚባለው እህል ላይ ከሚበቅል ሻጋታ የሚመጣ ነው። ሰውየው በውስጡ እሳት የነደደበት ያህል ይቃጠላል፣ ይቃዣል። ደም ሥሩ ይጠብና እጅ እግሩ ይጠቁራል። ከዚያ መቁረጥ ነው። የፈረንጅ በሽታ ብቻ አይምሰልሽ። በ1970 ዓ.ም. ግድም ወሎ ላይ፣ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ አርሲ ላይ በተበከለ እህል የተነሳ የሰው እግር በልቷል። እኔ እዚያ አልነበርኩም። ገላ ሞቶ የሚበሰብስበትን ጋንግሪንን ግን አውቀዋለሁ፤ ሽታው እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም።

እንግዲህ ያንን በሽተኛ አስቢው። ዘመድ ሸሽቶታል፣ ገላው ሸትቷል። ከሥዕሉ ፊት ሲያቆሙት መስቀሉ ላይ የሚያየው የራሱን ገላ ነው። አንቺን ያስደነገጠሽ ነገር እሱን ሳያጽናናው አይቀርም። ሥዕሉ ያኔ እንደ ቁም ሳጥን በር የሚከፈት ነበር። ሲከፈት ስንጥቁ በጌታ ቀኝ ክንድ ላይ ስለሚያልፍ ክንዱ ከገላው ይለይ ነበር። ሠዓሊው አስቦበት ነው የሚሉ አሉ። ያስብበት አያስብበት እንጃ። ክንዱ የተቆረጠ ሰው ግን ይህ አያመልጠውም።

ከበሩ ጀርባ ትንሣኤው አለ። ጌታ በብርሃን ክብ ውስጥ ከመቃብር ይወጣል፤ የችንካሩ ምልክት ሲቀር ያ ሁሉ ቁስል የለም፣ ገላው ጥርት ብሏል። ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ይሄንን ነው። እኔን ብዙም አልያዘኝም። ምናልባት ኃጢአቴ ይሆናል።

እኔን የያዘኝ የመጨረሻው ውስጠኛ ክፍል ነው። በአንድ ወገን አባ እንጦንስና አባ ጳውሊ በረሃ ላይ ተቀምጠው ያወጋሉ፣ ቁራው እንጀራ ይዞላቸው ይመጣል። በልጅነትሽ «እማዬ፣ ቁራው ራሱ ምን ይበላል?» እያልሽ የምታስቸግሪኝ ታሪክ ነው። በሌላው ወገን አባ እንጦንስን አጋንንት ጸጉሩን ይዘው መሬት ለመሬት ይጎትቱታል። ከታች በግራ ሆዱ የተነፋ፣ ቁስል የወረሰው አንድ ፍጡር ተዘርሯል። በቀኝ በኩል ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ተሥላለች፣ በላቲን የተጻፈባት። እንዲህ ትላለች፦ «ቸሩ ኢየሱስ ሆይ፣ ወዴት ነበርክ? ወዴት ነበርክ? ቁስሌን ልትፈውስልኝ ስለምን አልመጣህም?»

ያንቺው ጥያቄ ነው እኮ!

ቃሉ የተወሰደው ከአባ እንጦንስ ታሪክ ነው። ቅዱስ አትናቴዎስ በጻፈው ላይ ለጥያቄው መልስ አለው። «እዚሁ ነበርኩ፤ ተጋድሎህን ላይ ቆየሁ» የሚል ድምፅ ይመጣለታል። ወረቀቷ ላይ ግን ጥያቄው ብቻ ነው ያለው። እርግጥ ሽቅብ ካየሽ ከሥዕሉ አናት ላይ፣ በብርሃን ውስጥ፣ እግዚአብሔር አብ ትንሽ ሆኖ ይታያል። ከሩቅ ነው ግን። እንጦንስም በዚያ ግርግር መሃል ያየው አይመስልም።

ሠዓሊው መልሱን ለምን ተወው? ብዙ አሰብኩበት። የሰው እግር ሲቆረጥ በሚያድርበት ቤት መልሱን ለመጻፍ ሳያፍር አልቀረም እላለሁ። ይሄ የኔ ግምት ነው። መነኮሳቱም «እንዲህ አይባልም» ብለው አላስፋቁትም። ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ፣ መሠዊያው ላይ አቆሙት። እኔ በስልክ ያፈንኩብሽን እነሱ በሽተኛ ፊት አቆሙት። ይቅር በይኝ ልጄ።

ለጥያቄሽ እኔም መልስ የለኝም። ድጋሚ ስትደውይ ግን አላቋርጥሽም፤ እስክትጨርሺ እሰማሻለሁ።

በርበሬና ሽሮ በሰው ልኬልሻለሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይደርስሻል። አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እረፍት ስትሆኚ ኮልማር ደርሰሽ ያቺን ወረቀት በደንብ አድርገሽ ፎቶ አንሺልኝ። የኔ እጄ ተንቀጥቅጦ ደብዝዛ ወጣች።

እናትሽ