ጥጥ ገባ፣ ጥጥ ወጣ፦ የኬሚስትሪ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዓመቱን የጀመረልን አንድ ቀሚስ ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ላብራቶሪ መጣች። አንገቱ ላይ በተሰፋችው ትንሽ ጨርቅ «100% ቪስኮስ» ተጽፏል። «ቲቸር፣ ይሄ ጥጥ ነው ወይስ ፕላስቲክ?» አለችኝ። «ሁለቱም አይደለም» አልኳት። መልሱ እኔንም አላጠገበኝም። ሐሙስ ክበቡ ሲሰበሰብ ጥያቄዋን ሰሌዳ ላይ ጻፍናት። እስከ ሰኔ ድረስ ከዚያች ጥያቄ አልወጣንም።

አባላቱ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል 23 ነበሩ። የምርጫውና የስብሰባው ዝርዝር ቃለ ጉባኤው ውስጥ ስላለ እዚህ አልደግመውም። ስለ ክሩ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አቃጠልን። ልጆቹ ከየሰፈራቸው ልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ ጨርቅ ለምነው መጡ። ግቢ ውስጥ አሸዋ የሞላ ሳፋ አስቀምጠን፣ አንድ አንድ ክር በወረንጦ እየያዝን ለኮስን። ሱፉ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ። ፖሊስተሩ ቀለጠና ጥቁር ጠጣር እንክብል ሆነ። ጥጡ እንደ ወረቀት ነደደ፤ አመዱ በጣት ሲነካ በነነ። ቪስኮሱስ? ልክ እንደ ጥጡ ሆነ። «በቃ ጥጥ ነዋ!» ብለው ጮኹ።

ብዙም አልተሳሳቱም። ጥጥም፣ ወረቀትም፣ የዛፍ ግንድም ዋና ነገራቸው ሴሉሎስ ነው። ልዩነቱ ቅርጹ ላይ ነው። የጥጥ ጭረት ረጅም ስለሆነ በእንዝርት ይፈተላል። የእንጨቱ ግን አጭር ነው፣ እርስ በርሱም ተጣብቋል፤ እንዳለ አይፈተልም። ስለዚህ መጀመሪያ ይሟሟል። ከዚያ በጠባብ ቀዳዳ ተገፍቶ ሲወጣ እንደገና ይጠጥራል። የሐር ትልና ሸረሪት ከድሮ ጀምሮ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ፈሳሹን ከሰውነታቸው እየገፉ ክር ያደርጉታል።

ቪስኮስን እ.ኤ.አ. በ1892 በእንግሊዝ ፓተንት ያወጡለት ቻርልስ ክሮስ፣ ኤድዋርድ ቤቫንና ክሌይተን ቢድል ናቸው። ከእንጨት የወጣው ነጭ ጭረት፣ ፐልፕ የሚባለው፣ በኮስቲክ ሶዳ ይነከራል፣ ይጨመቃል፣ ይፈረፈራል፣ ለጥቂት ጊዜ ይቆያል። ከዚያ ካርቦን ዳይሰልፋይድ የሚባል ፈሳሽ ሲገባበት ብርቱካናማ ይሆናል። ይህ እንደገና በቀጭን ኮስቲክ ሶዳ ሲሟሟ ማር የመሰለ ወፍራም ፈሳሽ ይወጣል። ቪስኮስ የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ወፍራምነቱ ነው። ፈሳሹ ደጋግሞ ይጣራል። ከፀጉር ባልሰፉ ቀዳዳዎች ተገፍቶ ሰልፈሪክ አሲድ ያለበት ገንዳ ውስጥ ሲገባ ክር ሆኖ ይወጣል። ኮቬንትሪ ከተማ ውስጥ ኮርቶልድስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1905 ማምረት ጀመረ።

ልጆቹ «እኛም እንሥራው» አሉ። እምቢ አልኩ። ምክንያቱን ለማስረዳት አንድ ሙሉ ሐሙስ ወሰደብኝ፤ ጊዜው ግን አልባከነም። ካርቦን ዳይሰልፋይድ በ46 ዲግሪ ይፈላል። ትነቱን ለማቀጣጠል ክብሪት አያስፈልግም፤ የጋለ የእንፋሎት ቧንቧ ይበቃዋል። ለዓመታት የተነፈሰው ሰው ነርቩ፣ አእምሮውና ልቡ ይጎዳል። በደቡብ ኮሪያ ዎንጂን ሬዮን የሚባል ፋብሪካ ነበር። ማሽኖቹ ያገለገሉ ነበሩ፣ የመጡት ከጃፓን ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞቹ በዚህ መርዝ ታመሙ፤ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1993 ተዘጋ። ማሽኖቹስ? ለቻይና ተሸጡ። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ዝም አለ። አንድ የ12ኛ ክፍል ልጅ «እና እዚያ ደግሞ ማን ሠራባቸው?» ብሎ ጠየቀ። የኬሚስትሪ ተማሪ እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ ደስ ይለኛል። ዛሬ ጋዙን ይዘው መልሰው የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች አሉ። ሊዮሴል የሚባለው ክር ደግሞ ያለዚህ መርዝ ይሠራል፤ ማሟሚያውም ከ99% በላይ ተመልሶ ጥቅም ላይ ይውላል።

እኛ የመረጥነው የቪስኮስን ታላቅ ወንድም ነው። ኤድዋርድ ሽቫይትሰር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1857 ኮፐርና አሞኒያ ተዋህደው ጥጥን እንደሚያሟሙ አገኘ። በዚሁ መንገድ የሚሠራው ክር ዛሬም በጃፓን ይመረታል፤ ለኮት ገበር በጣም ይፈለጋል። አሞኒያም አሲድም ቀልድ ስላልሆኑ፣ ሥራውን በረንዳ ላይ በጓንትና በመነጽር አደረግነው።

የኅዳሩ ሙከራ ከሸፈ። አሞኒያችን ቆይቶ ኃይሉን አጥቶ ነበርና ባዘቶው አልሟሟም። በጥር አዲስ አሞኒያ አገኘን። ኮፐር ሰልፌቱን በሶዳ አዝቅጠን፣ ዝቃጩን አሞኒያ ውስጥ ስንጨምረው እንደ ሌሊት ሰማይ ጥቁር ሰማያዊ ሆነ። ባዘቶው ገባ፤ በማግስቱ ጥጥ የሚባል ነገር አይታይም፣ ቢከሩ ውስጥ ሰማያዊ ማር ብቻ ቀርቷል። ክሩን ልንገፋበት ያሰብነው ሲሪንጅ ግን ደጋግሞ ተደፈነ። ሁለት ልጆች እናጥራው ብለው ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አምጥተው አጠለሉት። ጨርቁ መሳሳት ጀመረ። ማጣሪያውም ጥጥ ነውና እሱም እየሟሟ ነበር! ካስተማርኩት ሁሉ ያቺ ጨርቅ በለጠች። በፖሊስተር ጨርቅ ስናጣራው ችግሩ ተፈታ።

የካቲት ላይ የመጀመሪያው ክር ወጣ። ቀሚሱን ያመጣችው ልጅ ሲሪንጁን ቀጭን አሲድ ውስጥ ነክራ በዝግታ ገፋች። ሰማያዊ ትል የመሰለ ነገር ተጠማዞ ወጣ። ትንፋሻችንን ይዘን አየን። አሲዱ አሞኒያውን ሲይዘው ኮፐሩ ከክሩ ለቆ ወጣ። ሰማያዊው ከዳር ጀምሮ እየሳሳ ሄዶ ክሩ ነጭ ሆነ። በወረንጦ አነሳችው። ባዘቶ የነበረ ነገር ዳግም ጥጥ ሆኖ፣ ግን ያለ እንዝርት ክር ሆኖ እጇ ላይ ተንጠለጠለ።

በመጋቢት ክሩን ይዘን ሽሮ ሜዳ ሄድን። አንድ አዛውንት ሸማኔ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሃል አሹት። «ልስላሴው ጥሩ ነው» አሉ። ከዚያ ጣታቸውን በምራቅ አርጥበው ሳቡት፤ ብጥስ አለ። «ድር ቀርቶ ማግም አይሆን፣ ልጆቼ። ገና ጨቅላ ነው» አሉን። ከየጥለቱ የተረፈ የሚያብለጨልጭ ክርም ሰጡን። ግቢያችን መጥተን ስናቃጥለው ገሚሱ ቀለጠ፣ ገሚሱ እንደ ወረቀት ነደደ።

ምራቃቸው ግን አዲስ ሥራ ሰጠን። ከቪስኮስ ጨርቅ ክር መዘዝን፣ ከሥሩ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንጠለጠልን፣ እስኪበጠስ ድረስ ውኃ ጨመርንበት። ከዚያ ክሩን አርጥበን ደገምነው። እርጥቡ ደረቁ ከተሸከመው ግማሽ ያህሉ ላይ ተበጠሰ። ጥጥ እንዲህ አይደለም፤ ሲርስ እንዲያውም ይጠነክራል። ልጅቱ ያን ቀን ቤቷ ገብታ እናቷን «ቀሚሱን ስታጥቢው አትጠምዝዢው» ብላለች። እኔም ለቤተሰቤ ተናግሬያለሁ።

የተረፈውን ፈሳሽ ቱቦ ውስጥ አልደፋነውም። ኮፐር ለአፈርም ለውኃም ጥሩ አይደለም። አሲዱ ውስጥ የብረት ምስማር ጨመርንበት፤ ኮፐሩ ምስማሩን ቀይ አድርጎ ለበሰው። ቀሪውን በኖራ አብርደን ዝቃጩን በታሸገ ዕቃ አስቀመጥን።

ለሚቀጥለው ዓመት ዓይናችን ግቢው ዳር ባሉት ባሕር ዛፎች ላይ ነው። በደቡብ አፍሪካ ደርባን ከተማ አጠገብ ያለ ትልቅ ፋብሪካ ለቪስኮስ የሚሆነውን ፐልፕ የሚያወጣው ከባሕር ዛፍ ነው። ለማገዶና ለቤት ሥራ ብቻ የምናውቀው ዛፍ ልብስ መሆኑን ልጆቹ ማመን አቅቷቸዋል። እንጨቱን ፐልፕ ለማድረግ ምን ያህል እንደምንችል እናያለን።

ረጅሙ ክራችን 3 ሜትር ከ10 ሳንቲሜትር ሆኗል። እርሳስ ላይ ተጠምጥሞ ቤተ መጻሕፍቱ መስኮት አጠገብ ተቀምጧል። በሰኔው የወላጆች ቀን ጠረጴዛችን ዙሪያ ሰው ሞልቶ ነበር። የልጅቱ እናት ያንኑ ቀሚስ ለብሰው መጡ። ጓንትና መነጽር አደረግንላቸው፣ ሲሪንጁን ተቀብለው ራሳቸው ገፉት። ሰማያዊ ወጣ። «ይሄ ነው እንዴ?» ብለው ወደ ቀሚሳቸው አዩ።

«ቆይ እማ፣ ቆይ» አለቻቸው ልጃቸው። ነጣ።