ዝናብ ከጣለ ሦስት ቀን

የኔ እናት፣

ትናንት የላክሽውን ፎቶ አየሁት። ፀጉርሽ እርጥብ ነው፤ ከኋላሽ የጎርፍ መውረጃው፣ የባሎና ክሪክ፣ የድንጋይ ግንብ ይታያል። ቅዳሜ ሌሊት ዘንቦ እሑድ ጠዋት ባሕር ገባሽ ማለት ነው። ሦስት ቀን ጠብቂ አላልኩሽም?

የሳንታ ሞኒካ የባሕር ወሽመጥ ከፖይንት ዱም እስከ ፓሎስ ቨርደስ የተዘረጋ ቢሆንም፣ አንቺ የመረጥሽው የከተማው ጎርፍ የሚወርድበትን አፍ ነው። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ እንጀራ የምንገዛበት ደጃፍ የጣለው ዝናብ ሳይቀር በባሎና በኩል እዚያው ይደርሳል። በሎስ አንጀለስ የሽንት ቤት ፍሳሽና የመንገድ ጎርፍ የሚሄዱት በየራሳቸው ቱቦ ነው። ፍሳሹ ሃይፐሪየን የሚባለው ማጣሪያ ጣቢያ ገብቶ ይጣራል፤ ጎርፉ ግን የውሻውን እዳሪ፣ የመኪናውን ዘይት፣ የመንገዱን ቆሻሻ ይዞ እንዳለ ባሕር ይገባል። ደረቁን ወራት ሙሉ የተከማቸውን ደግሞ የመጀመሪያው ዝናብ ባንዴ ጠርጎ ያወርደዋል።

«ውሃው ጥርት ያለ ነበር» እንዳትዪኝ። ኢንቴሮኮከስ፣ እዳሪ ውሃ ውስጥ መግባቱን የሚጠቁመው ባክቴሪያ፣ በዓይን አይታይም። ገደቡ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ 104 ነው፤ ናሙናው ላቦራቶሪ ውስጥ እስኪበቅል ግን አንድ ቀን ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ የምታነቢው ውጤት የትናንቱ ውሃ ነው። ውጤት አይተሽ አትግቢ፤ ሦስት ቀን ቁጠሪ።

ባይዘንብም ከጎርፍ ቱቦ አፍ ግራና ቀኝ 90 ሜትር ያህል ራቂ። ቱቦው ፊት አሸዋው ላይ ኩሬ ከተኛ እግርሽንም አታስነኪው። ሕፃን ሳለሽ ማዕበል እንዳይጥልሽ ብዬ ማሪና ዴል ሬይ ውስጥ ያለውን ጸጥተኛ ዳርቻ እመርጥልሽ ነበር። የተከለለ ውሃ ቶሎ አይታደስም፤ ቆሻሻው እዚያው ይከርማል። ይህን ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል።

ዓሣም አለ። ጓደኛሽ ከሳንታ ሞኒካ በስተደቡብ ዋይት ክሮከር አጥምዶ ቢሰጥሽ አትብዪ፤ ብትጠብሺውም ለውጥ የለውም። ከ1940ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በፍሳሽ ቱቦ የተለቀቀ ዲዲቲ የሚባል የተባይ መርዝ ፓሎስ ቨርደስ ፊት ለፊት ባሕሩ ወለል ላይ ተኝቷል። ይህ ዓሣ ምግቡን የሚለቅመው ከዚያው ጭቃ ነው፤ መርዙም ስቡ ውስጥ ይከማቻል።

አሁን ጆሮሽን በደንብ አድርቂ፤ እግርሽ ላይ ያለውን ጭረት በሳሙና እጠቢው። ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ከያዘሽ ለሐኪሙ እሑድ ባሕር መግባትሽን ንገሪው፤ ለኔም ደውዪ፣ ሌሊት ቢሆንም።

እስከ ረቡዕ የዋና ልብስሽ ከመሳቢያው አይውጣ። ሐሙስ ትገቢያለሽ፣ ዳግም ካልዘነበ።

አባትሽ