ሎርድነት በካሬ ጫማ አይሸጥ፦ ለብሪታንያ የውድድርና ገበያዎች ባለሥልጣን ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ በስኮትላንድ ቁራጭ መሬት ስም ስለሚሸጠው የ«ሎርድ» እና «ሌዲ» ማዕረግ

የተከበራችሁ የባለሥልጣኑ ኃላፊዎች፣

በበዓል ሰሞን በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዘዋወረውን ማስታወቂያ ታውቁታላችሁ፦ በስኮትላንድ አንድ ካሬ ጫማ መሬት ግዙ፣ ሎርድ ወይም ሌዲ ተባሉ። ቦታዋ በእያንዳንዱ ጎን 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት። ለገዢው የሚደርሰው ማኅተም ያረፈበት የምስክር ወረቀትና የቦታ ቁጥር ነው።

በስኮትላንድ የመሬት ባለቤትነት የሚተላለፈው ዝውውሩ በመሬት መዝገብ ሲሰፍር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የመሬት ምዝገባ ሕግ አንቀጽ 22 ደግሞ መዝጋቢው «የማስታወሻ መሬት» ማመልከቻን ውድቅ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ስፋቱ ኢምንት፣ ጥቅም የማይሰጥ፣ ለስሜት ወይም ለመታሰቢያ ካልሆነ ማንም ለብቻው የማይፈልገው መሬት ማለት ነው። ክልከላው በ1979ኙ ሕግም ነበረ። ስለዚህ ባለቤቱ ያው ሻጩ ነው። ነገ ጠቅላላውን መሬት ለሌላ ሸጦ አዲሱ ገዢ ቢያስመዘግብ፣ ካሬ ጫማዋን ለገዛው ሰው የሚተርፈው ሻጩን በውል የመጠየቅ መብት ብቻ ነው፤ ድርጅቱ ከፈረሰ እሱም ዋጋ የለውም። አዲስ አበባ ውስጥ ካርታ የሌለው ቦታ የገዛ ሰው ይህን ጣጣ ያለ አስረጂ ይረዳዋል።

ማዕረጉንም በተመለከተ፣ በስኮትላንድ የዘር አርማዎችን የሚቆጣጠረው የሎርድ ላዮን ፍርድ ቤት የማስታወሻ መሬት መግዛት ሌርድ (የስኮትላንድ ባለ ርስት)፣ ሎርድ ወይም ሌዲ የመባል መብት እንደማይሰጥ አስታውቋል። እውነተኛው የስኮትላንድ ባሮንነት ሌላ ነው፤ ከኖቬምበር 28 ቀን 2004 ወዲህ ከመሬት ተነጥሎ ይተላለፋል፣ ዋጋውም በአሥር ሺዎች ፓውንድ ይቆጠራል።

ነገሩ ከወረቀት አልፎ ስም ላይ ሲደርስ ይብሳል። አንዳንድ ሻጮች የስም ለውጥ ሰነድም አብረው ይሸጣሉ። ባንክ ካርዱ ላይ «ሎርድ» ብሎ ሊያትም ይችላል፤ ፓስፖርት መሥሪያ ቤቱ ግን ቃሉ የባለቤቱ ስም እንጂ ማዕረጉ እንዳልሆነ የሚገልጽ ማስታወሻ ያሰፍርበታል። በእኛ ማኅበረሰብ ጉዳቱ ሌላ መልክ አለው። ስማችን የራስ፣ የአባትና የአያት ነው፤ «ሎርድ» የመጀመሪያውን ቦታ ሲይዝ የራስ ስም ወደ አባት ስም ቦታ ይገፋል። ቢጫ ካርዱና የልደት ማስረጃው በቀድሞው ስም ስለሚቀሩ፣ ወደ አገር ቤት ውክልና መላክና ውርስ መጠየቅ ማስረዳት የሚጠይቅ ጉዳይ ይሆናል። «ሹመት ያዳብር» ብሎ የሚመርቅ ሕዝብ ማኅተም ሲያይ ከጀርባው ሿሚ አለ ብሎ ማመኑ አይደንቅም፤ ደጃዝማችነትና ፊታውራሪነት ከንጉሥ እጅ የሚገኙ ነበሩና።

የ1925ቱ የክብር ማዕረጎች ሕግ እዚህ አይረዳም። የማዕረግ ደላላው ሞንዲ ግሪጎሪ በ1933 የተፈረደበት ያ ሕግ እውነተኛ ማዕረግ ለማሰጠት የሚከፈል ገንዘብን እንጂ የሌለ ማዕረግ መሸጥን አይነካም። የእናንተ ሥልጣን ግን ይነካዋል። በ2024ቱ የዲጂታል ገበያዎች፣ የውድድርና የሸማቾች ሕግ መሠረት ከኤፕሪል 6 ቀን 2025 ጀምሮ አሳሳች የንግድ አሠራርን ፍርድ ቤት ሳትሄዱ መወሰንና ድርጅቱን ከዓለም አቀፍ ገቢው እስከ 10 በመቶ መቅጣት ትችላላችሁ።

እንድታዙ የምንጠይቀው ይህን ነው። ቦታው በመሬት መዝገብ እንደማይመዘገብና ማዕረግ እንደማያስገኝ የሚገልጽ ጽሑፍ ከክፍያ ቁልፉ በላይ፣ ከዋጋው ባላነሰ ፊደል ይቀመጥ። በ«ተደጋጋሚ ጥያቄዎች» ገጽ መጨረሻ የተደበቀ ማብራሪያ እንደ ማሳወቅ አይቆጠርልን። በማስታወቂያው ላይ «ሎርድ ሁኑ» የሚለው አባባል ይውጣ። ገንዘብ መመለስም አለ፦ ለገዢው ተለይቶ የተሠራ ዕቃ ከ14 ቀኑ የመመለሻ መብት ውጪ ስለሆነ፣ በምስክር ወረቀቱ ላይ ስም ታትሟል የሚለው ምክንያት የተታለለ ገዢን ገንዘብ ለመከልከል መከለያ እንዳይሆን በግልጽ ወስኑ።

ከአክብሮት ጋር፣
በብሪታንያ የሸማቾችን መብት የምንከታተል አማርኛ ተናጋሪዎች