አፍላጦን በባግዳድ በኩል ነው የመጣው፦ ግልጽ ደብዳቤ ለትምህርት ሚኒስቴር

ለኢትዮጵያ ትምህርት ሚኒስቴር፣
የሥርዓተ ትምህርት ሥራን ለምትመሩ ኃላፊዎች

የተከበራችሁ፣

የታሪክ መምህር ነኝ። ባለፈው ዓመት ለተማሪዎቼ ስለ አውሮፓ ህዳሴ ሳስተምር ሰሌዳው ላይ አንድ ረጅም መስመር አሰመርኩ። ግራ ጫፉ ላይ «ግሪክ»፣ ከጎኑ «ሮም» ብዬ ጻፍኩ። ቀኝ ጫፉ ላይ «ህዳሴ» አልኩ። መሐሉን ባዶ ተውኩት። «አውሮፓውያን ጠፍቶ የነበረውን የግሪክ ዕውቀት መልሰው አገኙት» ብዬ ልቀጥል ስል አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ከማን ነው ያገኙት?»

ወዲያው አልመለስኩላትም። እኔም የተማርኩት ባዶውን እየዘለልኩ ነው። የአረቦችን ታሪክ የማነሳው ሌላ ጊዜ፣ ስለ ሃይማኖት መስፋፋትና ስለ ጦርነት ሳወራ ነበር። ሁለቱን አገናኝቼ አስተምሬ አላውቅም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ያ ባዶ ቦታ በትምህርታችን ውስጥ እንዲሞላ ለመጠየቅ ነው። (ዘመኖቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።)

ባዶው ቦታ ላይ ማን ነበረ? እኔ የምጀምረው ከሁነይን ኢብን ኢስሐቅ ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ የኖረ ክርስቲያን ሐኪም ነው። ግሪክኛ፣ ሱርስትና አረብኛ አሳምሮ ያውቃል። ዋና ሥራው የጥንቱን ግሪካዊ ሐኪም የጋሌኖስን መጻሕፍት ወደ ሱርስትና ወደ አረብኛ መተርጎም ነበር። አንዱን የጋሌኖስ መጽሐፍ ፍለጋ ከሜሶፖታሚያ ተነስቶ፣ ሶርያንና ፍልስጤምን አካልሎ፣ እስክንድርያ ድረስ እንደሄደ ራሱ ጽፏል። በመጨረሻ ያገኘው ደማስቆ ላይ ነው። ያውም ግማሽ ያህሉን ብቻ፣ የተቆራረጠና ቅደም ተከተሉ የተዛባ። ለአንድ መጽሐፍ ያን ሁሉ መንገድ! ዛሬ ላይብረሪ ሄዶ መጽሐፍ ለማውጣት ለሚሰንፍ ተማሪ ይህን ስነግረው ዓይኑ ይፈጣል።

ሥራው የአንድ ሃይማኖት ሰዎች ብቻ አልነበረም። በዚያው ዘመን የግሪክን ሒሳብ የተረጎመው ሣቢት ኢብን ቁራ የሐራን ከተማ ሣብያዊ ነበር፤ ሙስሊምም ክርስቲያንም ያልሆነ የጥንት እምነት ተከታይ ማለት ነው። ፈላስፋው አል ኪንዲ ሙስሊም ነው። እውነት ከሩቅ ሕዝብ ቢመጣም መቀበሉ አያሳፍርም ብሎ የጻፈውም እሱ ነው። እነዚህ ሰዎች ዕውቀቱን ተቀብለው ዝም ብለው መጋዘን አላስገቡትም። ተከራከሩበት፣ አረሙት፣ ጨመሩበት። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊው ጄራርድ ዘ ክሬሞና ስፔን፣ ቶሌዶ ድረስ ሄዶ የእስክንድርያውን የጥንት ሊቅ የበጥሊሞስን የከዋክብት መጽሐፍ ወደ ላቲን ሲመልስ የተረጎመው ከአረብኛ ነው። መጽሐፉ እስከ ዛሬ «አልማጀስት» ይባላል። «አል» የሚለው የአረብኛ መነሻ እዚያው እንደተለጠፈ ቀርቷል።

ጣሊያናዊው ሠዓሊ ራፋኤል በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቫቲካን ውስጥ የአቴናን ፈላስፎች ሰብስቦ ሣለ። ሥዕሉን ለተማሪዎቼ በስልኬ አሳየኋቸው። በስተግራ በኩል ነጭ ጥምጣም ያደረገ፣ አረንጓዴ የለበሰ ሰው አለ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ቁጭ ብሎ በሚጽፈው ሰው ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ ያያል። ሙስሊሙ ፈላስፋ ኢብን ሩሽድ ነው ይባላል። ራፋኤል ያልረሳውን ሰው እኛ ሰሌዳ ላይ ረሳነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። የግሪክና የሮም ጥናት ለረጅም ጊዜ ግሪክን የአውሮፓ የአባት ርስት አድርጎ ነው ያየው። ይህን ነገር የአረብ ምሁራን ከ100 ዓመት በላይ ሲከራከሩበት ኖረዋል። የሚገርመው፣ አንድ ድምፅ የላቸውም። ተማሪዎቻችን እንዲሰሙልኝ የምፈልገው በተለይ ይህን የእርስ በርስ ክርክራቸውን ነው።

ግብፃዊው ጣሃ ሁሴን ገና ልጅ ሳለ ዓይኑ ጠፋ። ካይሮ ባለው የእስልምና ትምህርት ተቋም፣ አል አዝሃር ተማረ፣ ኋላም ፓሪስ ሶርቦን ገባ። በ1919 ካይሮ ሲመለስ ያስተማረው የግሪክና የሮም ታሪክ ነበር። በ1938 ስለ ግብፅ ባህል መጪ ጊዜ ባወጣው መጽሐፍ፣ የግብፅ አእምሮ የሜዲትራኒያን አእምሮ ነው አለ። ከሩቅ ምሥራቅ ይልቅ ለግሪክ ይቀርባል ብሎ ተሟገተ። ግሪክኛና ላቲን በትምህርት ቤት ይሰጥ ብሎም ጠየቀ። ብዙ ሰው ተቆጣው። ከ1950 እስከ 1952 ደግሞ የትምህርት ሚኒስትር ሆነ። ትምህርት እንደ ውሃና እንደ አየር ነው ያለው እሱ ነው። እናንተ የተቀመጣችሁበትን ዓይነት ወንበር ያውቀዋል ማለት ነው። እኔ ጣሃ ሁሴንን እወደዋለሁ። ግን ግሪክን ለአውሮፓ ብቻ ያጠረውን አጥር አላፈረሰውም። ግብፅም አጥሩ ውስጥ ትግባ ነው ያለው።

ኢየሩሳሌም የተወለደው ፍልስጤማዊ ኤድዋርድ ሰዒድ በ1978 «ኦሪየንታሊዝም» የተባለውን መጽሐፍ አወጣ። አውሮፓ ምሥራቁን የምታይበት የተዛባ ዓይን ከጥንት ጀምሮ አለ ብሎ እስከ ጥንታዊው ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት ኤስኪለስ ድረስ ወደ ኋላ ሄደ። ይህን የተቃወመው ሌላ አረብ ነው፤ ሶርያዊው ፈላስፋ ሳዲቅ ጀላል አል አዝም። ነገሩን በራሴ አባባል ላስቀምጠው። ከሆሜርና ከኤስኪለስ እስከ ዛሬ አንድ «ምዕራብ» አለ ካልክ፣ አውሮፓ ስለ ራሷ የምታወራውን ያንኑ ቀጥ ያለ መስመር ተቀበልክ ማለት ነው። እኔ ሰሌዳው ላይ ያሰመርኩት ያንን መስመር ነው። አል አዝምን ሳነብ እጄ ላይ ቾክ እንዳለ ሆኖ ተሰማኝ።

ካይሮ የተወለደው ሰሚር አሚን በ1988 ስለ አውሮፓ ተኮርነት ባወጣው መጽሐፍ ይበልጥ ገፋበት። የጥንቱ ዓለም ልብ ምሥራቃዊ ሜዲትራኒያን ነበር ይላል። ግሪክ የዚያ ዓለም አካል ናት። ግሪክን ከጎረቤቶቿ ቆርጦ ለአውሮፓ ብቻ ያወረሳት በኋላ ዘመን የተፈጠረ ተረት ነው። አሚን በዚያ አያቆምም። አውሮፓን ገልብጦ «ሁሉም ከኛ ነው የመጣው» የሚለውንም እኩል ይተቻል። እኔ የምደግፈው ይህንን ነው። ተማሪዎቼ አንዱን ኩራት ጥለው ሌላ ኩራት እንዲያነሱ አልፈልግም።

ይህ የአረቦችና የፈረንጆች ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን የሚል ይኖራል። መልሱ ያለው እዚሁ፣ ብራናችን ላይ ነው። «አንጋረ ፈላስፋ» የሚባለውን የግዕዝ መጽሐፍ ታውቁታላችሁ። የሶቅራጥስን፣ የአሪስጣጣሊስን፣ የአፍላጦንን አባባል ይዟል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አባ ሚካኤል ወደ ግዕዝ የመለሱት ከግሪክኛ ሳይሆን ከአረብኛ ነው። ከኋላው ያለው የአረብኛ የጥበብ ስብስብም በዚያው በሁነይን ስም የሚታወቀው ነው። ራፋኤል ቫቲካን ግድግዳ ላይ ያንን ባለጥምጣም ሲሥል፣ በዚያው ዘመን እዚህ ቤት ደግሞ የግሪክ ጠቢባን በአረብኛ መንገድ ግዕዝ እየገቡ ነበር።

«አፍላጦን» የሚለውን ስም ቀረብ ብላችሁ እዩት። ግሪኮቹ «ፕላቶን» ነው የሚሉት። ግዕዝ «ጰ»ም «ፐ»ም አለው፤ ቢፈልግ እንደ ግሪኩ ይጽፈው ነበር። አረብኛ ግን «ፐ» የለውም፣ ቃልንም በሁለት ተነባቢ አይጀምርም። ስለዚህ «አፍላጡን» አለው። እኛም ከዚያ ወሰድን። ይህን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ክፍሉ ጸጥ አለ። ያቺ ልጅ ስሙን ደብተሯ ላይ ሁለት ጊዜ ስትጽፍ አየኋት፣ አንዴ በግሪኩ፣ አንዴ በእኛ።

አዲስ መጽሐፍ ይታተም አልልም፤ ተማሪው ተጨናንቋል። ስለ ህዳሴ በሚያወራው ምዕራፍ ላይ ሁለት ገጽ ቢጨመር፣ በዚያም ሁነይንና ቶሌዶ ከአንጋረ ፈላስፋ አንድ ገጽ ጋር ጎን ለጎን ቢቀመጡ ይበቃኛል። ለዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ከጣሃ ሁሴን፣ ከአል አዝምና ከአሚን የተመረጡ ክፍሎች ወደ አማርኛና ወደ ሌሎች ቋንቋዎቻችን ቢተረጎሙ መልካም ነው። አረብኛና ግዕዝ አንድ ላይ የሚያነብ ሰውም በጣም ያስፈልገናል። እነዚያን ብራናዎች ከአረብኛው ጋር አስተያይቶ የሚያጠና ወጣት ዛሬ ካላሠለጠንን፣ ነገ የራሳችንን መጽሐፍ ሌሎች ሲተረጉሙልን ልናነብ ነው።

የልጅቷን ጥያቄ ለመመለስ ሁለት ክፍለ ጊዜ ወሰደብኝ። ያኔ ያዘጋጀሁት ማስታወሻ ስድስት ገጽ ነው። ካርታ አለው፣ ሥዕሉ አለበት፣ የአፍላጦን ስም በአራት ፊደል ተጽፎበታል። የሚጠቅም ከሆነ ለሚመለከተው ባለሙያ ልኬ፣ ተጠርቼም ላስረዳ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የታሪክ መምህር