ሰርቪሱ ሩብ ሰዓት ቢቆይስ?

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እናትህ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጠፋፋን ቆየን። በየበዓሉ «እንኳን አደረሰህ» ከመባባል ሌላ ወግ ካወጋን ዘመን የለውም። ሰሞኑን የምርት ክፍል ኃላፊ ሆነህ መሾምህን ስሰማ ግን በጣም ደስ አለኝ። የውስጥ መረጃ ልውውጡን አስተካክል ተብለሃል አሉ። እኔም ዝም ማለት አልቻልኩም።

እባክህ አዲስ የቴሌግራም ግሩፕ በመክፈት አትጀምር። እኛ ጋ ግሩፕ ሞልቷል። ማታ «የሁለተኛው መስመር ሞተር ይሞቃል» ተብሎ ይጻፋል። ጠዋት የልደት ኬክና የመልካም በዓል ምስል ተደራርቦበት ታገኘዋለህ። የጻፈው «ነግሬያለሁ» ይላል። የሚመለከተው «አላየሁም» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ከፈረቃ ርክክብ ጀምር።

ፓይፐር አልፋ የሚባል የነዳጅና የጋዝ ማውጫ ነበር፤ ከስኮትላንድ ወዲያ፣ ሰሜን ባሕር ላይ። ሰኔ 29 ቀን 1980 ዓ.ም. የቀን ፈረቃ የአንዱን ፓምፕ ሴፍቲ ቫልቭ ለጥገና ፈታ። ክፍተቱን በብረት ክዳን ሸፈኑት። ሥራው አላለቀም፤ የጥገና ሥራ ፈቃድ ወረቀትም ተጽፎበታል። ወሬው ግን ለማታው ፈረቃ አልደረሰም። ማታ ሌላኛው ፓምፕ ቆመ። ሰዎቹ የቫልቩን መፈታት ሳያውቁ ያኛውን አስነሱ። ጋዝ አመለጠ፤ ፈነዳ። 167 ሰው አለቀ። ሎርድ ከለን የመሩት ምርመራም የጥገና ሥራ ፈቃድ አሰጣጡንና ርክክቡን ክፉኛ ተችቷል። ልብ በል፣ ወረቀት ነበረ።

የኛ ፋብሪካ የሚያመርተው የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። እንዲያ ያለ እልቂት አያመጣም። ርክክቡ ግን ያው ነበር። ደብተሩን ስትገልጥ ገጽ በገጽ «ሁሉም ሰላም» ነው። አንድ ሌሊት ኦፕሬተሩ የኮምፕረሰሩ ቀበቶ መላላቱን ያውቃል። ሰርቪሱ ደግሞ ግቢ ውስጥ ሞተር አስነስቶ ክላክስ ያደርጋል። ካመለጠው የታክሲ ሰልፍ ነው የሚጠብቀው። «ሁሉም ሰላም» ብሎ ፈርሞ ሮጠ። ጠዋት ቀበቶው ተበጠሰ፤ መስመሩ እስከ ምሳ ሰዓት ቆመ። ሰውዬው ሰነፍ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ያንን ማሽን ሲያስታምም ያደረ ሰው ነው። ለመናገር ግን ጊዜ አልነበረውም።

ስለዚህ መጀመሪያ ያስተካከልነው ሰርቪሱን ነው። ሩብ ሰዓት ዘግይቶ ይወጣል። ሩብ ሰዓቷም በትርፍ ሰዓት ትከፈላለች። ይህችን አጥብቀህ ያዝ፤ ሳይከፈለው የሚቆምልህ የለም፣ መቆምም የለበትም። የሚወጣውና የሚገባው የፈረቃ መሪ ማሽኑ ፊት አብረው ይቆማሉ። ወጪው ይናገራል፤ ገቢው የሰማውን ይደግምለታል። ያላለቀ ጥገና ካለ ማብሪያው ይቆለፋል፤ ካርድም ይንጠለጠልበታል። ደብተሩ ከዚያ በኋላ ነው የሚፈረመው።

ሌላው ያንተ ፊት ነው። «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ነው ያደግነው። ብልሽት ይዞልህ የመጣውን የመጀመሪያውን ሰው «ማን አበላሸው?» ካልከው ሁለተኛው አይመጣም። ቶዮታ ፋብሪካዎች ውስጥ ሠራተኛው ችግር ሲያይ አጠገቡ ያለውን ገመድ ይስባል ወይም ቁልፍ ይጫናል። የቡድን መሪው ወዲያው ይደርሳል። አብረው ካልፈቱት መስመሩ ይቆማል። ሰው ገመዱን የሚስበው የሚደርስለት ስላለ ነው። ስለ አስተያየት ሳጥን ብዙ አልልህም፤ መልስ ያላገኘ ሰው ሁለተኛ አይጽፍም።

አንድ ቀን ንጋት ላይ ቀደም ብለህ ግባና የሌሊቱ ፈረቃ ሲወጣ እይ። ሰርቪሱ ስንት ሰዓት እንደሚንቀሳቀስ፣ ደብተሩ ላይስ ምን እንደተጻፈ ጻፍልኝ። የኛን የርክክብ ቅጽ ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ። ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እናትህንም ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ያንተው