ያች ፎቶ ስልክህ ላይ ካለች

ደብረ ማርቆስ፣ ሐምሌ 9 ቀን

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

እንዴት ከርመሃል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን «ደህና ነኝ» እንደ ደብዳቤ ልማድ አትየው። ማኅተም ያረፈበት ደህና ነኝ ነው። ወረቀቱ ከፊቴ ተቀምጧል።

ስልክህን ባለማንሳቴ ተቀይመህ ይሆናል። ደግ አደረግህ። ለሰው ሁሉ ኔትወርኩ ነው፣ መንገዱ ነው እያልሁ ሳሳብብ ከረምሁ። ላንተ ግን አልዋሽም። ስትደውል ስሙን እያየሁ እስኪያቆም እጠብቅ ነበር። አምና ታኅሣሥ ያችን የላቦራቶሪ ወረቀት ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ከላክሁልህ ወዲያ የምናገረው ጠፋኝ።

ነገሩን ከሥሩ ላውራህ። ለጥር ሰርግ ቀን ተቆርጦ፣ ድንኳን በቀብድ ተይዞ ነበር። እኔና እጮኛዬ ሁለታችንም ልንመረመር አንድ የግል ክሊኒክ ሄድን። የሷ ንጹሕ፣ የኔ የጉበት ቫይረስ ቢ «ፖዘቲቭ»። ባለሙያው ሦስት ደቂቃ አልፈጀበትም። «ስብ ተው፣ መጠጥ ተው፣ ከስድስት ወር በኋላ ተመለስ» አለኝና ቀጣዩን ጠራ።

እናቴ ስትሰማ «የወፍ በሽታ ነው» አለች። በማግስቱ ቡና ሲፈላ ሲኒዬ ከረከቦቱ ላይ የለችም። ለብቻዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ጠርዟ የተሸረፈች፣ ሰማያዊ አበባ ያላት ሲኒ። እናቴ ቀና ብላ ሳታየኝ ቀዳችልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአንድ ዓመት ከዚያች ሲኒ ጠጣሁ። በሽታው በሲኒም በማዕድም እንደማይተላለፍ የነገረን አልነበረም። እውነት ፖዘቲቭ ብሆን እንኳ ልጅቱ ክትባት ወስዳ መጋባት እንችል እንደነበር የሰማሁት ከዓመት በኋላ ነው። ስለ እሷ ብዙ አልጽፍልህም። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ፣ ቀብዱም ቀልጦ ቀረ። በግንቦት አገባች።

ወደ ቢቸና ወስደው መድኃኒትም አጠጥተውኛል። ሁለት ቀን አስታወከኝ። ባለመድኃኒቱ አሁን መዳኔን ሰምቶ «እኔ ነኝ ያዳንሁት» እያለ ያወራል አሉ። ከሁሉም ሰው እሱ ነው ደስተኛው።

ዘንድሮ ሕክምና ልጀምር ብዬ ባሕር ዳር ሄድሁ። ሐኪሙ የቫይረሱን መጠን አስለካ፣ የመጀመሪያውንም ምርመራ አስደገመ። ምንም የለም። ሌላ ቦታ ላከኝ፣ አሁንም የለም። በመጨረሻ የኮር አንቲቦዲ ምርመራ አዘዘ፤ ሰውነት ቫይረሱን ሲዋጋ ደም ውስጥ የሚተወው ምልክት ነው። ቫይረሱ አንድ ጊዜ ሰውነት ውስጥ ከገባ፣ ሰውየው ቢድን እንኳ ያ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይቀራል። እኔ ጋ እሱም የለም። «አንተና ይሄ በሽታ ተገናኝታችሁ አታውቁም» አለኝ። ይሄ ለምን እንደሚጠቅም ቆይቶ ነው የገባኝ። ወረቀቶቹን ይዤ ወደ ክሊኒኩ ስመለስ ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ያለኝ ምን መሰለህ? «እንኳን ደስ አለህ፣ ድነሃል ማለት ነው!» ስቆጣበት ጊዜ የምርመራውን ብር ልመልስልህ አለ።

ከዚያ አንድ ጠበቃ ጋ ሄድሁ። ዝም ብሎ ሰማኝና «ይርጋህ ስንት ቀረው?» አለኝ። ይርጋ የሰው ስም ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ የመክሰሻ ጊዜ ገደብ ነው። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143። እኔና ክሊኒኩ ገንዘብ ከፍለን የተገናኘን ስለሆነ በውል ነው፣ የውል ይርጋ ደግሞ 10 ዓመት ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። «ግን በዚህ ቁማር አትጫወት» አለኝ። ስለዚህ እስከ መጪው ታኅሣሥ አምስት ወር ነው ያለኝ።

ሕጉ በ1952 የወጣ አሮጌ ሕግ ነው፣ ግን የኔን ነገር ያውቀዋል። ቁጥር 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ ጥሶ ሰው ከጎዳ ይጠየቃል ይላል። ቁጥር 2651 ደግሞ ሠራተኛው ላጠፋው የሕክምና ተቋሙ ኃላፊ ነው ይላል። ነገር ግን ስህተት ሁሉ ጥፋት አይደለም። የፈጣን ምርመራ ኪት አንዳንዴ ያለ ማንም ጥፋት ይሳሳታል። ሳይደግሙና ሳያረጋግጡ «በሽተኛ ነህ» ብሎ መስደድ ግን ሌላ ነው። የሰው ደም ከሰው ደም መቀያየርማ ምን ይባላል። ይህን ማስረዳት ያለብኝ ደግሞ ከሳሹ እኔ ነኝ።

ካሳው ሁለት ዓይነት ነው። በደረሰኝ የሚረጋገጠው፣ የትራንስፖርቱ፣ የምርመራው፣ የድንኳኑ ቀብድ፣ ይቆጠራል። ለሲኒዋስ? እሱ የሕሊና ጉዳት ይባላል። ጣሪያውም 1000 ብር ነው፣ ቁጥር 2116። በጃንሆይ ጊዜ የተጻፈው ቁጥር እንዳለ ተቀምጧል። አንድ ደህና ዶሮ በለው። ጠበቃው ሲነግረኝ ሳቅሁ፣ እሱም ሳቀ።

እንግዲህ ለዶሮ ብለህ ነው የምትከሰው ትለኝ ይሆናል። አይደለም። አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ያን የመጀመሪያ ወረቀት በሐሳቤ ሳነበው ነበር። ስሜ ትክክል ነው። ከሥሩ ግን ዕድሜ የሚለው ቦታ 41፣ ጾታ የሚለው ቦታ «ኤፍ» የሚል ትዝ አለኝ። ብድግ ብዬ ተቀመጥሁ። እኔ የ33 ዓመት ወንድ ነኝ። ያን ጊዜ እኔም፣ እናቴም፣ ሽማግሌዎቹም ያየነው አንዷን «ፖዘቲቭ» ብቻ ነው።

እንደማስበው ከሆነ በዚያ ቀን ያች 41 ዓመት የሆናት ሴት የኔን «ኔጌቲቭ» ይዛ ደስ ብሏት ቤቷ ገብታለች። ባል ይኖራታል። ምናልባት አርግዛ ይሆናል። ይሄ ቫይረስ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ጉበት ደግሞ ለዓመታት ዝም ብሎ ነው የሚጎዳው። ክሊኒኩን መዝገቡን አይታችሁ ፈልጓት አልሁ፤ የታካሚ ምስጢር ነው አሉኝ። ምስጢር መሆኑስ እውነት ነው። እኔም ስሟን ንገሩኝ አላልሁም፣ እናንተ ጥሯት ነው ያልሁት። «የሚጠራ ሰው የለም» ብለው ሸኙኝ። ለጤና ቢሮም አቤቱታ አስገብቻለሁ። እነሱ ፈቃድ ሊያግዱ ይችላሉ፣ ካሳ ግን አያስከፍሉም። ጠበቃው እንደሚለው ክስ ከተከፈተ ፍርድ ቤት መዝገቡ እንዲቀርብ ማዘዝ ይችላል። እኔ የምፈልገው እሱን ትእዛዝ ነው።

አሁን ያንተ ነገር መጣ። ወረቀቱን በዚያው ሰሞን በንዴት ምድጃ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ፎቶውንም ከስልኬ አጥፍቻለሁ። ቴሌግራሙን ሳጠፋ «ለሁለታችንም» የሚለውን ልንካው አልንካው አላስታውስም። ካልነካሁት አንተ ጋ አለ። ታኅሣሥ 14፣ ወደ ማታ ነው የላክሁልህ። ወደ ላይ ሳበው። ካገኘኸው አትቁረጠው፣ ስክሪንሾትም አይሁን። ራሱን ፎርዋርድ አድርገው። አንተም ስልክህ ላይ እንዳታጠፋው፣ ምስክር ትሆናለህ። እስከዚያው ግን አጉላውና ጾታ የሚለውን አንብብልኝ። እንደፈራሁት «ኤፍ» ከሆነ ቶሎ ንገረኝ። «ኤም» ከሆነም ንገረኝ።

እናቴ ሰላም ብላሃለች። ሲኒዋን ሰብራ ጥላታለች። እንዳለቀሰች ጎረቤት ነገረኝ እንጂ ለኔ አልተናገረችም።

ፎቶውን ባታገኘውም ደውል። አነሳለሁ።

ያንተው ጓድ